ካሜራ ጆሮ የለውም፦ የተቆጣ ውሃን ፎቶ ስለማንሳት

(ይህ በነሐሴ መጨረሻ ባሕር ዳር ውስጥ ለተሰበሰቡ ፎቶ አንሺዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከቀረጻው እንዳለ ነው የተገለበጠው። አንዳንድ ድግግሞሽ ብቻ ነው የቀነስኩት።)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዳንግላ የመጡ አሉ። ከቡሬ የመጡ አሉ። ከደብረ ማርቆስ ሌሊት ተነስተው የደረሱ ልጆችም እዚያ ከኋላ ተቀምጠዋል። ወደፊት ኑ እንጂ ልጆች፣ ቦታ አለ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የማዕበልን ኃይል በፎቶ ማሳየት» የሚል ነው። ርዕሱን ስሰማ መጀመሪያ ትንሽ ከበደኝ። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ማዕበል ምን እንላለን? ብዬ አሰብኩ። በኋላ ግን ቆም አልኩ። እስኪ ይህችን የተቀመጥንባትን ከተማ ስሟን ጥሩልኝ። ባሕር ዳር! እዚህ ያደገ ሰው «ሐይቁ» አይልም። «ባሕሩ» ነው የሚለው። እናቴ እስከ ዛሬ «ሐይቅ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «ባሕሩ ዛሬ አኩርፏል» ትላለች። «ባሕሩ ተነስቷል፣ እንዳትወጣ» ትላለች።

ጣና ደግሞ ትንሽ ውሃ አይደለም። ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከጎርጎራ የተነሳ ነፋስ እዚህ እስኪደርስ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ ላይ ይጋልባል። ማዕበል ለማደግ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ነፋሱ መበርታት አለበት። ለረጅም ሰዓት መንፈስ አለበት። የሚሮጥበት ሰፊ ውሃም ማግኘት አለበት። ውቅያኖስ ላይ ሦስቱም ሞልተዋል። ጣና ላይ ሜዳው ያጥራል። ግን ጣና የራሱ ጠባይ አለው፤ ጥልቀት የለውም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 እስከ 15 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሲነሳ ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተደራራቢ ይሆናል። አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ታንኳን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው።

ስለዚህ «ባሕር የለንም» ብለን አንቀመጥ። የተቆጣ ውሃ አለን። ጣና አለን። ጢስ ዓባይ አለን። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚህ ነው፤ ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነው፦ ካሜራ ጆሮ የለውም።

እስኪ ልድገመው። ካሜራ ጆሮ የለውም። ቆዳም የለው፣ አፍንጫም የለው። ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በ1991 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ያኔ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የመታወቂያ ፎቶ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በዘጌ በኩል ጠቆረ። እንደ ቀለም ነው የጠቆረው። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ቆርቆሮ ይገነጥል ጀመር። እኔ ካሜራዬን ይዤ ሮጥኩ። ውሃው ዳር አንድ ገና በግንባታ ላይ ያለ ፎቅ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወጣሁና ዓምዱን ተደግፌ ቆምኩ።

ምን ልበላችሁ! ጣና እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር። ሞገዱ ድንጋዩን ሲመታ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይገባል። እጄ ያረፈበት ዓምድ ይርገበገባል። ፊቴን ዝናቡ እንደ ጠጠር ይገርፈኛል። የአፈር ሽታ፣ የደንገል ሽታ፣ የመብረቅ ሽታ ተቀላቅሏል። ፈርቼ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር። ባለ 36 ፊልም ነበረኝ። 36ቱንም ጨረስኩት።

ፊልሙን በማግሥቱ አጠብኩት። የተሻለ ያልኩትን አንዱን አሳትሜ ለእናቴ ወሰድኩላት። እናቴ የሜጫ ገበሬ ልጅ ናት። ፎቶውን ተቀበለችኝ። ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው። ራቅ አደረገችው። ከዚያ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ይህ የማን ማሳ ነው? ጥሩ አድርገው አርሰውታል።»

ፎቶውን ተቀብዬ አየሁት። እውነቷን ነበር። ከላይ ሆኜ ስላነሳሁት ሞገዱ ተኝቷል። ተርታ ተርታውን የተሰለፈ ቡኒ መስመር ነው። ትልም ነው የሚመስለው። አንድም የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ያ ሁሉ ድምፅ የት ሄደ? ያ ሁሉ ብርድ የት ሄደ? ዓምዱ ሲርገበገብ የተሰማኝ የት ሄደ? ካሜራው ውስጥ አልገባማ! እኔ ያየሁት በዓይኔ ብቻ አልነበረም። በጆሮዬ፣ በቆዳዬ፣ በጉልበቴም ጭምር ነው ያየሁት። ካሜራው ግን ከዚያ ሁሉ የወሰደው የዓይኑን ድርሻ ብቻ ነው።

ወጣቶች፣ እናንተም ይህ ደርሶባችኋል። ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ ልባችሁ እስኪመታ አይታችሁ፣ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ አንድ ነጭ መጋረጃ ብቻ ታገኛላችሁ። አይደል? ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ውድ ካሜራ ቢኖራችሁም ያው ነው። የጆሮን ሥራ ለዓይን መስጠት ያስፈልጋል። ችግሩ እሱ ነው።

እንዴት ይሰጣል?

እስኪ ልጠይቃችሁ። ነፋስን በዓይኑ ያየ ሰው እዚህ አለ? (አንዲት ልጅ ከመሐል «ባሕር ዛፉን ሲያጎብጠው አይቻለሁ» ብላ መለሰች።) ተባረኪ! መልሱ ይኸው ነው። ነፋሱን አላየሽም፤ የጎበጠውን ዛፍ ነው ያየሽው። ኃይል ብቻውን አይታይም። የሚታየው ያረፈበት ነገር ላይ ነው።

አንድ በዓለም የታወቀ ፎቶ አለ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ብሪታኒ በሚባለው ጠረፍ፣ ዌሳን የምትባል ደሴት አለች። ከደሴቷ ራቅ ብሎ ባሕሩ ውስጥ ድንጋይ ላይ የቆመ የመብራት ማማ አለ። ለመርከቦች አደጋውን የሚያመለክት ነው። ስሙ ላ ዡማ ይባላል። ቁመቱ ወደ 47 ሜትር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 21 ቀን 1989፣ በእኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ከባድ ማዕበል ተነሳ። ዣን ጊሻር የሚባል ፎቶ አንሺ ሄሊኮፕተር ተከራይቶ ወደዚያ ሄደ። ማማው ውስጥ ጠባቂ ነበር። የሄሊኮፕተሩን ድምፅ ሲሰማ ሊያድኑት የመጡ መሰለው። በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከጀርባው የመጣው ማዕበል ማማውን ሁለት ክንፍ ዘርግቶ አቀፈው። ጊሻር አነሳው። ጠባቂው ነገሩ ገብቶት ተመልሶ በሩን ዘጋ። ተረፈም።

አሁን በሐሳባችሁ ያንን ሰው ከፎቶው አውጡት። በሩም ይዘጋ። ምን ይቀራል? ትልቅ ማዕበልና አንድ ማማ። ያምራል፣ ግን አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀን ያ በር ላይ የቆመ ሰው ነው። ጣት የምታክል ሰው። እጁ ኪሱ አካባቢ ነው፣ ምንም የሰማ አይመስልም። ማዕበሉ ምን ያህል እንደሆነ የነገረን እሱ ነው።

ፖርቱጋል ውስጥ ናዛሬ የሚባል ቦታም አለ። ከባሕሩ በታች ጥልቅ ገደል አለ፤ የዓባይን በረሃ የመሰለ፣ ውሃ ውስጥ የተደበቀ። የውቅያኖሱ ሞገድ በዚያ ገደል በኩል ሲመጣ ጉልበቱ ሳይቀንስ ጠረፍ ይደርስና ይቆለላል። በኦክቶበር 2020 አንድ ጀርመናዊ፣ ሰባስቲያን ሽቶይድትነር፣ እዚያ ከ26 ሜትር በላይ የሆነ ማዕበል ላይ በሰሌዳ ተንሸራቷል። ከጣና ጥልቅ ቦታ ጋር አስተያዩት። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ቁመቱንስ እንዴት አወቁት? ሜትር ይዞ የቀረበ ሰው የለም። ከምስሉ ላይ ነው፤ የሰውየውን አካል እንደ መለኪያ ወስደው። ሰውየው ባይኖር መለኪያም አይኖርም ነበር።

እኛ ጋ ማማ የለም። ግን ምን ምን አለ? ታንኳ አለ። ደንገል አለ። ፔሊካን አለ። ውሃው ውስጥ ሥሩን የነከረ ዋርካ አለ። የጀልባ ማቆሚያ አለ። ልብሷን አጥባ ሳትጨርስ ወጀብ የያዛት ሴት አለች። ከነዚህ አንዱን ሳትይዙ ማዕበል ላይ ካሜራ አትደግኑ። እኔ እንደዚያ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ማዕበሉ የሚመታውን ነገር እመርጣለሁ፤ ከዚያ ማዕበሉን እጠብቃለሁ።

የውሃን ክብደትም አትርሱ። በሁሉም በኩል አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን አስቡ። ውሃ ሙሉት። አንድ ቶን ነው። አሥር ኩንታል ጤፍ ማለት ነው! አንድ ተራ የጣና ሞገድ ከዳር እስከ ዳር ስንት አሥር ኩንታል ተሸክሞ እንደሚመጣ አስቡት። ደንገሉ ሲተኛለት፣ ታንኳው አፍንጫውን ሲያነሳ፣ ያ ክብደት ያን ጊዜ ይታያል።

ሁለተኛው ነጥብ የት ልቁም የሚለው ነው።

ከላይ አትቁሙ። የእኔን ማሳ አስታውሱ። ከላይ ሲያዩት ሞገድ ሁሉ ይተኛል። ዝቅ በሉ። ተንበርከኩ። ካሜራው ከሞገዱ ወገብ ጋር እኩል ሲሆን የሞገዱ ጫፍ ከአድማስ በላይ ይወጣል። ሰማዩን ይጋርዳል። ያኔ ነው ሞገድ የሚሆነው።

ሌላው የሌንስ ነገር ነው። ሰው ትልቅ ነገር ሲያይ ሁሉንም ላስገባ ብሎ ሰፊ ሌንስ ያደርጋል። ስልክም በተፈጥሮው ሰፊ ነው። ሰፊ ሌንስ ግን የራቀውን ያሳንሳል። ማዕበሉን ጠራርጎ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ረጅም ሌንስ ያላችሁ እሱን አድርጉ፤ ከኋላ ያሉትን ሞገዶች ስቦ ታንኳው ጀርባ ላይ ይቆልላቸዋል። ስልክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ የምታነሱት ነገር ጋ በደህናው በኩል ቅረቡ። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ሞገድ። ባሕሩን ሙሉ ተዉት።

እዚህ ላይ አንድ አስተማሪዬን ላንሳ። የፎቶ አስተማሪ አይደሉም። ካሜራ ነክተው አያውቁም። ከዘጌ ማገዶ በታንኳ እየጫኑ እዚህ ገበያ ያመጡ የነበሩ አዛውንት ናቸው። «አያ» እያልን ነው የምንጠራቸው። አንድ ቀን ዳር ላይ ተጎልቼ አይተውኝ ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። «ትልቅ ሞገድ ነው የምጠብቀው፣ አያ» አልኳቸው።

«ሞገዱን ምን ታየዋለህ?» አሉኝ። «ከመጣ ወዲያ ምን ያደርግልሃል? ከወዲያ ያለውን ውሃ እይ። የጠቆረውን። ነፋሱ እዚያ ነው ያለው።»

አየሁ። እውነትም ከሩቅ ውሃው ላይ እንደ ጥላ ያለ ጥቁር ነገር እየተንቀሳቀሰ ይመጣል። ነፋሱ ውሃውን ሲነካው ቆዳው ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ይጠቁራል። ያ ጥቁር እኛ ጋ ሲደርስ ባርኔጣዬ በረረ። ቀጥለው ደግሞ «ሞገድ እንደ ሠርገኛ ነው፣ ብቻውን አይመጣም። ትንንሾቹ ያልፋሉ፣ ከዚያ ትልልቆቹ ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ደግሞ ያርፋል» አሉኝ። ሙሽራው ከአጃቢው መሐል መሆኑ ነው። የባሕር አጥኚዎችም ሞገድ በቡድን በቡድን እንደሚጓዝ ይናገራሉ። አያ ግን በመቅዘፊያቸው ነው ያወቁት። ወደ ዳር የሚወጡት በዕረፍቱ ነው። እኔ ደግሞ የማነሳው በግርግሩ ነው። ሁለታችንም የምንቆጥረው ያንኑ ነው።

ስለዚህ ገና እንደደረሳችሁ አታንሱ። ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ቁጠሩ። የትኛው ድንጋይ ላይ ነው ውሃው ከፍ የሚለው? በየስንቱ ነው የሚመጣው? አንድ ያንን ውሃ የሚያውቅ ሰው ካለ ሂዱና ጠይቁት። አክብራችሁ ጠይቁት። ጣና ላይ ደግሞ ዕወቁ፤ ጠዋት ውሃው ብዙውን ጊዜ እንደ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው። የብሱ በፀሐይ ሲግል ነፋሱ ከውሃው ወደ እኛ ይመጣል። ታንኳ ቀዛፊ ሁሉ በማለዳ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ጊዜና ስለ ቀለም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግኳቸው ለእኔ ስለማይለያዩ ነው።

ጊዜ ስል ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ የሚቆይበትን ማለቴ ነው። ሹተሩን። ለምሳሌ ጢስ ዓባይን እንውሰድ። ውሃው ከ40 ሜትር በላይ ይወድቃል። ከ40 ሜትር የወደቀ ነገር፣ አየሩ የሚይዘውን ካልቆጠርን፣ ታች ሲደርስ በሰከንድ 28 ሜትር ይጓዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት ነው! በ1/1000 ሰከንድ ብታነሱት ውሃው የተንቀሳቀሰው ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠብታው ሁሉ አየር ላይ ይቆማል። በ1/30 ብታነሱት ወደ አንድ ሜትር ወርዷል። ጭረት ይሆናል። አሥር ሰከንድ ከፍታችሁ ብታቆዩትስ? ባዘቶ ይሆናል። የተነደፈ ጥጥ።

ብዙ ሰው ባዘቶውን ይወዳል። ያምራል፣ አልክድም። ግን እኔ ለተቆጣ ውሃ አልመርጠውም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለን የምንተርትበት ወንዝ ነው። ግንድ ይዞ የሚዞር ወንዝ እንዴት ጥጥ ይሆናል? ወደ ፏፏቴው ስትሄዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ከሥሩ ያለውን ገደል ተመልከቱ። ድንጋዩን እንዲያ የቆረጠው ውሃ ነው። ባዘቶ ድንጋይ አይቆርጥም። ለጢስ ዓባይ እኔ ከ1/15 እስከ 1/60 ባለው መሐል ነው የምሠራው። ውሃው ሲወርድ ጭረቱ ይታያል፣ ጠርዙ ግን ክብደት ይኖረዋል። ለጣና ሞገድ ደግሞ ከ1/500 የፈጠነ። ሞገድ ሲፈርስ ጫፉ ላይ የሚበተነውን መያዝ ስለምፈልግ ነው። ይህ የእኔ ምርጫ ነው። እናንተ ሞክሩና የራሳችሁን አግኙ።

አንድ ነገር ግን አለ። ካሜራ ብርሃንን ሲለካ ሁሉን ነገር ግራጫ ማድረግ ይወዳል። አረፋው ሰፋ ሲል ነጩን አመድ ያደርግባችኋል። ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ አረፋውን አቃጥሎ ወረቀት ያደርገዋል። አረፋውን ተመልከቱና ራሳችሁ ጨምሩ ወይ ቀንሱ። ስልክም ላይ ቢሆን ጣታችሁን አረፋው ላይ አድርጋችሁ ብርሃኑን ማስተካከል ትችላላችሁ። ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ጉስታቭ ለ ግሬ የሚባል ፈረንሳዊ በ1850ዎቹ ባሕር ያነሳ ነበር። የዚያን ጊዜው የመስታወት ፊልም ባሕሩን ሲያወጣለት ሰማዩን ያጠፋበታል። ምን አደረገ? ባሕሩን በአንድ፣ ሰማዩን በሌላ መስታወት አነሳና አንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። አሁን ስልካችሁ በአንድ ንክኪ የሚያደርገውን እሱ በእጁ ነው ያደረገው።

ወደ ቀለም ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ፎቶዎቻችሁን አያለሁ። ክረምት ላይ የተነሳ ጣና ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። እባካችሁ! ነሐሴ ላይ ጣና ሰማያዊ ሆኖ ያየ ማን ነው? በማስተካከያው ቀለሙን ትቀይሩታላችሁ። የውቅያኖስ ፎቶ አይታችሁ ማዕበል ሰማያዊ መሆን አለበት ብላችሁ ነው። የእኛ ማዕበል ቡኒ ነው። ቡኒ መሆኑም ጉድለቱ አይደለም። ቡኒው ራሱ የኃይሉ ምልክት ነው።

ቡኒው ምንድነው? አፈር ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ይነሳል። ሜጫን አቋርጦ፣ በወተት ዓባይ በኩል አልፎ ጣና ይገባል። ክረምት ሙሉ ከየማሳው የታጠበ አፈር ተሸክሞ ይገባል። ርብም፣ ጉማራም፣ መገጭም በጎንደር በኩል ያንኑ ያመጣሉ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ማዕበል ሲያናውጠው የዘቀጠውን እንደገና ያነሳዋል። ስለዚህ ያ ሞገድ ሲመጣ ውሃ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ማሳ ነው የሚመጣው።

እናቴ ምን ነበር ያለችኝ? «ይህ የማን ማሳ ነው?»

ይህ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ ክረምት ከዳንግላ ስመለስ ግልገል ዓባይ ድልድይ ላይ መኪናው ቆመ። ወረድኩ። ውሃው እንደ ጠላ አተላ ወፍሮ ይወርዳል። አጠገቤ አንድ ገበሬ ቆመው ያያሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። ምንም አልተናገሩም። ውሃውን አያዩም ነበር፤ የሚሄደውን አፈር ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። የአባቷ መሬት ከዚያ አይርቅም። ያ ፎቶ ላይ ያየችው ቡኒ መስመር ውስጥ የአያቴ ማሳ አፈር አልነበረበትም ብዬ በምን አፌ እናገራለሁ?

ስለዚህ ልጆች፣ ቡኒውን አትንኩት። እለምናችኋለሁ። አታድምቁት፣ አታጥፉት፣ ሰማያዊ አታድርጉት። የሰው ጉልበት ነው። የሰው ርስት ነው። ጎጃም ላይ የውሃን ኃይል ማንሳት የፈለገ ሰው ከዚህ ቀለም የበለጠ ማስረጃ አያገኝም።

ሦስቱን ጨረስኩ። አሁን ደግሞ ርዕሱ ውስጥ ያልነበረ፣ ግን ሳልናገረው የማልወርድ ነገር አለ። ደህንነታችሁ።

እኔ ጢስ ዓባይ ላይ ወድቄ አውቃለሁ። ፍንጣቂው ያረሰረሰው ድንጋይ ሽበት አብቅሏል። አረንጓዴ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሳሙና ነው። ዓይኔ ካሜራው ውስጥ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሌንሱ ድንጋዩን መትቶ ወደ ውሃው ገባ። ጉልበቴ ተሰነጠቀ። ሁለት ሜትር ወደ ግራ ብወድቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አላወራችሁም ነበር። ካሜራው ዓይናችሁ ላይ እያለ እግራችሁ አይነቃነቅ። መንቀሳቀስ ካለባችሁ ካሜራውን አውርዱ። ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ። መብረቅ ሲጀምር ከሜዳው ዳር ተነሱ፣ ትራይፖዱን፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ፣ ተዉት፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ብቻችሁን አትሂዱ። ዋና የማይችል ደግሞ ታንኳ ላይ ሆኖ ማዕበል አነሳለሁ አይበል። ዋና የሚችልም አይበል።

ዕቃውን በተመለከተ አጭር ነው። ፌስታል ያዙ። ሌንሱ በሚወጣበት በኩል ቅደዱትና በላስቲክ እሰሩት። የውሃ ፍንጣቂ ለመጥረግ ያረጀ ነጠላ ከምንም ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ጭረት አይተውም። ሁለት ሦስት ቁራጭ ያዙ፣ አንዱ ሲርስ በሌላው።

የመጨረሻ አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ላብቃ።

ከአራት ዓመት በፊት ግንቦት ላይ ነው። ዳር ቆሜ ወጀቡን እጠብቃለሁ። ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ድንጋዬን መርጫለሁ፣ ሹተሬን አስተካክያለሁ። ወጀቡ መጣ። ልክ በዚያ ሰዓት ከዘጌ በኩል አንድ ታንኳ ማገዶ ጭኖ እየተንገላታ ይመጣል። ሙሉ ዕድሜዬን የጠበቅኩት ፎቶ ነው። ታንኳው አለ። ሰውየው አለ። ሞገዱ ከኋላው ተነስቷል። ዓይኔን ካሜራው ላይ አደረግኩ። ሳይ ግን ሰውየው ወደ እኛ እየጮኸ ነው። ገመድ ይዟል።

ካሜራውን ጃኬቴ ውስጥ ጠቅልዬ መሬት ላይ ጣልኩት። ሦስት አራት ሆነን ወገባችን ድረስ ገባን። ገመዱን ያዝን። ማገዶው ግማሹ ሄደ። ሰውየው ወጡ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። አጠገባችን ሻይ ቤት ነበረች፤ አስገባናቸው። ባለቤቷ ጋቢ ደረበችላቸው። ሻይ አመጣችላቸው።

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጣቶቻቸው ውሃ ጠጥተው ተጨማደዋል፣ ነጭ ሆነዋል። ይንቀጠቀጣሉ። ሻዩ እየተንጠባጠበ የብርጭቆ ማስቀመጫው ላይ ይፈሳል። የእጅ አንጓቸው ላይ አንዲት የደንገል ክር ተለጥፋለች። ገመዱ የበላው መዳፋቸው ቀልቷል። የመስኮቱ ብርሃን ልክ እዚያ ላይ አረፈ።

«አያ፣ ላንሳዎት?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ፊቴን ተወው፣» አሉኝ። «እጄን አንሳው። ያወጣኝ እሱ ነው።»

ሦስት ፎቶ ነው ያነሳሁት። በ1/20፤ መንቀጥቀጡ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ትንሽ እንዲታይ ብዬ። ማገዶ የለበትም። ታንኳ የለበትም። ሞገድ የለበትም። ከሻዩ በቀር አንዲት ጠብታ ውሃ የለበትም።

ለእናቴ ወሰድኩላት። ዓይኗ አሁን ደክሟል። ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው። ብዙ ቆየች። ጣቷን የደንገሉ ክር ላይ አደረገች።

«ምስኪን፣» አለች። «ባሕሩ ነው አይደል እንዲህ ያደረገው? ተረፈ ወይ?»

«ተርፈዋል» አልኳት።

ፎቶው እዚያ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ስትወጡ እዩት። ከአጠገቡ ያ የ1991ዱ «ማሳ»ም አለ፤ ሁለቱን አስተያዩ።

ነገ ጢስ ዓባይ የምንሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። መነሻችን እዚሁ በሩ ላይ ነው። ወቅቱ ጥሩ ነው። በጋ ላይ ውሃው ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል፤ አሁን ግን ሞልቷል። ፀሐይ ብቅ ካለችና ከጀርባችሁ ከሆነች ፍንጣቂው ላይ ቀስተ ደመና ታገኛላችሁ። እሱን ለራሳችሁ አንሱት፤ ለእኔ ግን ውሃው የመታውን አንድ ነገር አምጡልኝ። ጫማችሁ የሚይዝ ይሁን። ፌስታልና ደረቅ ጨርቅ እንዳትረሱ። ከደብረ ማርቆስ የመጣችሁ ልጆች ማደሪያ ካላገኛችሁ አሁኑኑ ወደ እኔ ኑ።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።